ያውቁ ኖሯል? ከእንጦጦ አናት እስከ መገናኛ፦ ማግኔት ያለው ሞተር፣ ከረንቱና ፍሬኑ

ሁለት ቶን የሚመዝን የኤሌክትሪክ መኪና ከእንጦጦ አናት ተነሥቶ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ቁልቁል ሲወርድ፣ ከስበት ብቻ 3.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት እንደሚያገኝ ያውቁ ኖሯል? በነዳጅ መኪና ይህ ጉልበት በሞተሩና በፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ጎማና ነፋስ የሚወስዱት ተቀንሶ፣ በሽቦና በባትሪ ውስጥ የሚጠፋውም ተቀንሶ፣ ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ባትሪው ሊመለስ ይችላል።

ይህን የሚያደርገው የተለየ ዕቃ አይደለም፤ መኪናውን ዳገት ያወጣው ያው ሞተር ነው። ቋሚ ማግኔት ያለው ሞተር ማንም ያዙረው ማን፣ ከዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ቁልፉን ቢያጠፉትም ማግኔቱ አይጠፋም። ከዚህ በታች የሚያነቡት ጥሩውም ሆነ አደገኛው ነገር አብዛኛው ከዚህ አንድ ጠባይ የሚመነጭ ነው።

ባትሪው ሙሉ ከሆነ ሞተሩ መፍረን እንደሚያቅተው ያውቁ ኖሯል? ይህ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አቅጣጫ ለሚኖር ሰው ትልቅ ቁም ነገር ነው። ማታ ቤቱ መኪናውን ሰክቶ 100 በመቶ ሞልቶ ያድራል፤ ጠዋት ሲነሣ የመጀመሪያው መንገዱ ቁልቁለት ነው። የሚመነጨው ከረንት የሚገባበት ቦታ የለውም፤ ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላ መቆጣጠሪያው የሞተሩን ፍሬን ይቀንሰዋል ወይም ጭራሽ ይዘጋዋል። ትናንት ማታ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ መኪናው ይይዝለት የነበረ ሾፌር፣ ዛሬ ጠዋት መኪናው ሲለቀው ይደነግጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከፍታ ላይ የሚያድር መኪና 80 ወይም 90 በመቶ ላይ እንዲቆም ማድረግ። አንዳንድ ባትሪዎች አልፎ አልፎ ሙሉ በሙሉ መሞላት ይፈልጋሉ፤ ያን ቀን የእግር ፍሬኑን ከመጀመሪያው ኩርባ በፊት መሞከር ነው።

ብርድም እንዲሁ ያደርጋል። የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ኃይለኛ ከረንት መቀበል ይጎዳዋል፤ ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ደጅ ያደረ መኪና ፍሬኑ ከወትሮው ሊላላ ይችላል።

ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተለማመደበት እንጦጦ ከኤሌክትሪክ መኪና ጋር በስሙ ይገናኛል። የእርሱ ድርጅት ማራቶን ሞተር ኢንጂነሪንግ እ.ኤ.አ. በ2020 ሃዩንዳይ አዮኒክ የተባለውን ሙሉ በሙሉ የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ገጣጠመ። በዚያ መኪና መሪ ጀርባ ሁለት ትናንሽ ማንሻዎች አሉ፤ ሾፌሩ በእነርሱ ሞተሩ ምን ያህል ይፍረን የሚለውን ይመርጣል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ የመቀነስ ልማድ ላለው የአዲስ አበባ ሾፌር ከዚህ የቀረበ ነገር የለም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በከተማችን የበዙት የቢዋይዲ፣ የቮልስዋገን አይዲ እና የቶዮታ ቢዚ መኪኖች በአብዛኛው ቋሚ ማግኔት ባለው ሞተር የሚነዱ ናቸው።

አሁን ወደ ከረንቱ። ከረንት በሦስት እጥፍ ሲጨምር በሞተሩ ጥቅልል ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በሦስት ሳይሆን በዘጠኝ እጥፍ እንደሚጨምር ያውቁ ኖሯል? ሙቀቱ የሚያድገው በከረንቱ ካሬ ነው። ብዙ ሰርቮ ሞተሮች፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዙ ማሽኖችን የሚያንቀሳቅሱት የማግኔት ሞተሮች፣ ከመደበኛ ከረንታቸው ሦስት እጥፍ መሸከም የሚችሉት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰከንድ በሦስት እጥፍ ከረንት የሠራ ሞተር፣ ሙቀቱ በአማካይ መደበኛው ላይ እንዲቆይ ስምንት ሰከንድ ያለ ከረንት ማረፍ አለበት። ኮተቤ አካባቢ እንጨትና አልሙኒየም በኮምፒውተር ማሽን የሚቆርጡ ወጣቶች ማሽኑን ለማፍጠን የከረንት ገደቡን ከፍ ሲያደርጉ፣ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ኃይሉን ይሰጣቸዋል፤ የሚነፍጋቸው ዕረፍቱ ሲያጥር ነው።

የሞተሩን ገላ በእጅ ዳስሶ «አልጋለም» ማለት አይበቃም። የመዳብ ጥቅልሉ በሰከንዶች ይግላል፤ የብረት ገላው ግን እስኪሞቅ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። እጅ ለብ ያለ ነገር ሲነካ ውስጡ ቫርኒሹ እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል።

የጋለ መዳብ ራሱን የበለጠ ያግላል። ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር የሽቦው ተቃውሞ 39 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ስለዚህ በዚያው ከረንት የሚፈጠረው ሙቀትም በዚያው ልክ ይጨምራል። በመሐንዲሶች ዘንድ የቆየ የልምድ ሕግም አለ፦ የሽቦ መከላከያው ከተፈቀደለት በላይ በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል።

በሞተር ገላ ላይ የተለጠፈው የአቅም ቁጥር ለአዲስ አበባ እንዳልተጻፈስ ያውቁ ኖሯል? ዓለም አቀፉ ደረጃ ሞተርን የሚለካው ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ባለው አየር ነው። ከተማችን 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ይደርሳል፤ እዚያ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት በደንብ አያነሣም። ብዙ የመቆጣጠሪያ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ከከረንቱ ቀንሱ ይላሉ፤ በዚህ ስሌት መገናኛ ላይ 14 በመቶ፣ እንጦጦ አናት ላይ 22 በመቶ ይቀነሳል ማለት ነው። የአየራችን ቅዝቃዜ ዕዳውን በከፊል ይከፍላል፤ ለሞተሩ እውነት ነው። መቆጣጠሪያው ግን ጠባብ ብረት ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ጋር ከተሰቀለ፣ የእንጦጦ ነፋስ አይደርሰውም። በመመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ገጾች ላይ በትንሽ ፊደል የሚቀመጠው ይህ የከፍታ ሠንጠረዥ ለእኛ መጀመሪያ መነበብ ያለበት ገጽ ነው።

የሳሳ አየር ሌላም ጣጣ አለው። ኤሌክትሪክ በእሳት ፍንጣሪ እንዳይዘል የሚከላከለው አየር ነውና፣ ከፍ ባለ ቦታ በሽቦዎች መካከል የሚተወው ክፍተት ሰፋ ማለት አለበት። ለዚህ የተሠሩ ብዙ ደረጃዎች መነሻቸው 2,000 ሜትር ነው፤ የካ ክፍለ ከተማ ከዚያ በላይ ናት።

ከከረንት ገደቦች ሁሉ የማይታለፈው ማግኔቱን የሚያጠፋው ነው። ጥቅልሉ ቢቃጠል ይጠቀለላል፤ ማግኔቱ ከደከመ ግን በጥገና ቤት አይታደስም። የዛሬዎቹን ጠንካራ የኒዮዲሚየም ማግኔቶች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጃፓናዊው ማሳቶ ሳጋዋ እና በጄኔራል ሞተርስ የነበረው አሜሪካዊው ጆን ክሮት በየፊናቸው አገኟቸው። እነዚህ ማግኔቶች ግዙፍ ኃይል አላቸው፤ ሙቀትን ግን ይፈራሉ። ተራው ዓይነት ከ80 ዲግሪ በላይ አይታመንም፤ ለሞተር የሚመረጡት ዲስፕሮሲየም የተባለ ውድ ማዕድን ተጨምሮባቸው 150 ወይም 180 ዲግሪ ይችላሉ፤ 310 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ሁሉም ማግኔትነታቸውን ያጣሉ። እዚህ ላይ ሁለቱ አደጋዎች ይገናኛሉ፦ በጥቅልሉ የሚያልፈው ከረንት የራሱን መግነጢስ ይፈጥራል፤ ይህም በአንዳንድ ሁኔታ ከማግኔቱ ጋር በተቃራኒ ይቆማል። ቀዝቃዛ ማግኔት ያን ግፊት ይቋቋማል። የጋለ ማግኔት ግን ያው ከረንት፣ ትናንት ምንም ያላደረገው ከረንት፣ ዛሬ በከፊል ለዘለዓለም ያደክመዋል። ስለዚህ በመመሪያ ላይ የሚጻፈው ከፍተኛ ከረንት ሁልጊዜ ከሙቀት ጋር አብሮ መነበብ አለበት።

ርካሹ የፌራይት ማግኔት ግን ተቃራኒ ነው፤ እርሱን ከረንት በቀላሉ የሚያጠቃው ሲበርደው ነው።

ማግኔቱ የደከመ ሞተር እንዴት ይታወቃል? ለዚያው ሥራ ከበፊቱ የበለጠ ከረንት ይስባል፤ ስለዚህ ይበልጥ ይግላል፤ ስለዚህ ማግኔቱ ይበልጥ ይደክማል። እርግጠኛው ምርመራ ሽቦዎቹን ከመቆጣጠሪያው ነቅሎ፣ ዘንጉን በታወቀ ፍጥነት በሌላ ሞተር አዙሮ፣ የሚመነጨውን ቮልቴጅ መለካትና በሞተሩ ገላ ወይም መመሪያ ላይ ከተጻፈው ጋር ማነጻጸር ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞም ቮልቴጁ በግልጽ ካነሰ ማግኔቱ ሄዷል።

ለሞተር ጥቅለላ ባለሙያዎች አንድ ነገር፦ አሮጌውን ቫርኒሽ ለማቃጠል ሞተሩን እሳት ውስጥ መክተት የቆየ ዘዴ ነው። በሰርቮ ሞተር ግን መካከለኛው የሚሽከረከረው ክፍል፣ ማግኔት የተለጠፈበት፣ አብሮ ከገባ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። አስቀድሞ መውጣት አለበት፤ ሲወጣም በባዶ እጅ መሆን የለበትም፤ ማግኔቱ ተስፈንጥሮ ብረት ሲይዝ ጣት ይሰብራል። ሌላም አለ። ከሞተሩ ኋላ ያለችው የዘንጉን ቦታ ጠቋሚ መሣሪያ፣ ኢንኮደር የምትባለው፣ በትክክለኛ ቦታዋ ካልተመለሰች ከረንቱ ሁሉ ገብቶ ሞተሩ ላይዞር ይችላል። ድምፁን ያሰማል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። አዲስ የተጠቀለለ ሞተር በመጀመሪያው ቀን ሲቃጠል ጥቅልሉን ከመውቀስ በፊት ይህችን ማየት ይገባል።

ፍሬኑን በገዛ እጅዎ መሞከር እንደሚችሉ ያውቁ ኖሯል? ትንሽ ባለ ሦስት ሽቦ ማግኔት ሞተር ይውሰዱ፣ ከምንም ነገር ያልተገናኘ። ዘንጉን በጣትዎ ሲያዞሩት ይዞራል። ሦስቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ያገናኙና እንደገና ያዙሩት፤ ወፍራም ማር ውስጥ እንደገባ ይከብዳል። ሩሲያዊው ሃይንሪክ ሌንዝ እ.ኤ.አ. በ1834 ያስቀመጠው ሕግ ይህ ነው፦ የሚመነጨው ከረንት ያመነጨውን እንቅስቃሴ ይቃወማል። ለትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለና የረከሰ ሙከራ አላውቅም።

ይህ ሽቦ በማገናኘት የሚደረግ ፍሬን በጣም ሲፈጥን በጣም ይይዛል ብለው ካሰቡ ግን ተቃራኒው እውነት ነው። ኃይሉ ከፍተኛ የሚሆነው በአንድ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ፍሬኑ ይላላል፣ ከረንቱ ግን አይቀንስም። ሲገናኝ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች ከረንቱ ከቋሚው ልኩ በብዙ ይዘላል። የሰርቮ አምራቾች ከሽቦዎቹ ጋር በመስመር ሬዚስተር እንዲገባ የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ ዝላዩን ይገድባል፣ ፍሬኑን ያጠነክራል፣ ሙቀቱን ከሞተሩ ያወጣል።

እየዞረ ያለን ሞተር ለማቆም አቅጣጫውን በድንገት መገልበጥ ከሁሉ የከፋው ነው። የኃይል ምንጩ ቮልቴጅና ሞተሩ ራሱ የሚያመነጨው ቮልቴጅ ይደመራሉ፤ ገደብ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ከሌለ ከረንቱ ሞተሩ ቆሞ ሲነሣ ከሚስበው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

«ከመብራት ኃይል የመጣው ቮልቴጅ በዛ» ተብሎ የሚማረርበት ብልሽት ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ራሱ እንደሚመጣ ያውቁ ኖሯል? 220 ቮልት በመቆጣጠሪያው ውስጥ ወደ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ 310 ቮልት ገደማ ይሆናል። ከባድ የማሽን ጠረጴዛ በድንገት ሲፈርን ሞተሩ ጉልበቱን ወደዚያው ይመልሳል፤ የግድግዳው መስመር ግን ከመቆጣጠሪያው ምንም አይቀበልም፤ ቮልቴጁ ይወጣል፤ 400 አካባቢ ሲደርስ ብዙዎቹ መቆጣጠሪያዎች ራሳቸውን ለማዳን ይዘጋሉ። ማሽኑ የሚቆመው ሲነሣ ሳይሆን ሲፈርን ከሆነ ምልክቱ ይህ ነው። መድኃኒቱ የመፍረኛ ሬዚስተር መጨመር ወይም የመቆሚያ ጊዜውን ማስረዘም ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚመለሰው ጉልበት አራት እጥፍ መሆኑን ግን አይርሱ፤ ለዝግታ የበቃ ሬዚስተር ለፍጥነት አይበቃም።

በመገናኛ በኩል የሚያልፈው ቀላል ባቡርም ከዚሁ ጥያቄ አያመልጥም። በ750 ቮልት መስመር ላይ ሲፈርን ጉልበቱን ወደ ሽቦው መመለስ የሚችል ባቡር፣ በአቅራቢያው የሚስብ ሌላ ባቡር ከሌለ ጉልበቱን በሬዚስተር ማቃጠል ግዴታው ነው።

በሰርቮ ሞተር ኋላ የሚገጠመው ሜካኒካል ፍሬን ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ይለቃል እንጂ አይዝም። የሚይዘው ምንጩ ሲጠፋ በስፕሪንግ ነው፤ መብራት ድንገት ሲሄድ ተንጠልጥሎ የነበረ ጭነት እንዳይወድቅ ተብሎ። ሥራው የቆመን ነገር መያዝ ነው። የሚሽከረከርን ሞተር በእርሱ ደጋግሞ ማቆም ሸራውን ይጨርሰዋል፤ ያን ጊዜ በእውነት የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ አይገኝም።

አሳንሰር ውስጥ ብቻዎን ሆነው መብራት ቢጠፋና ፍሬኑ ቢለቅ፣ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ እንደሚሄዱ ያውቁ ኖሯል? በሌላኛው የገመድ ጫፍ ያለው ሚዛን የሚሠራው የካቢኑን ክብደትና ከሙሉ ጭነቱ ግማሽ ያህሉን እንዲያክል ነው፤ አንድ ሰው ብቻ የያዘ ካቢን ከእርሱ ይቀላል። በአዳዲሶቹ ፎቆች የሚገጠሙት አሳንሰሮች ብዙዎቹ ማርሽ የሌላቸው ማግኔት ሞተሮች ናቸው፤ ፊንላንዳዊው ኮኔ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ሞኖስፔስ ለዚህ መንገድ ከፈተ። በብዙዎቹ መብራት ሲጠፋ የሞተሩ ሽቦዎች እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ፍሬኑ ቢከዳ እንኳ ካቢኑ በዝግታ ይንቀሳቀሳል እንጂ አይፈተለክም። ቀደም ሲል በጣትዎ የሞከሩት ነው።

ስለ ሰርቮ ከተነሣ የካና እንጦጦ ከሌላው ሰፈር የሚለዩበት ነገር አላቸው። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር አካባቢ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት ኦብዘርቫቶሪ አለ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃ መቀበያ ጣቢያም እዚያው ነው። ቴሌስኮፕ የምድርን መዞር ለማካካስ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ዙር ብቻ ይዞራል። እጅግ ዝግ ያለ ነው፤ በእንዲህ ያለ ሥራ የሚያስጨንቀው የከረንቱ ብዛት ሳይሆን ልስላሴው ነው፤ ማግኔት ጥርስ ጥርሱን እየያዘ ሲለቅ የሚፈጥረው ቅንጣት መንቀጥቀጥ ኮከቡን ያደበዝዘዋል።

ሳተላይት የሚከተል ዲሽ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ የምትበር ሳተላይት በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ ከአድማስ እስከ አድማስ የምትታየው ለአሥር ደቂቃ ገደማ ነው። በጎን ስታልፍ ዲሹ ቀስ ብሎ ይከተላታል። በአናት ላይ ስታልፍ ግን፣ ወደ ጎንና ወደ ላይ ብቻ በሚዞር ተራ መቀመጫ ላይ ያለ ዲሽ በቅጽበት ፊቱን ማዞር አለበት፦ ከፍታዋ 85 ዲግሪ ቢደርስ በሰከንድ 8 ዲግሪ ገደማ፣ 89 ቢደርስ 40 ዲግሪ ገደማ። ይህን ለመያዝ ሞተሩ ከፍተኛ ከረንቱን ለጥቂት ሰከንድ ይጠይቃል፣ ወዲያው ደግሞ ያን ሁሉ ብረት ፈርኖ ማቆም አለበት፤ ያውም በሳሳ አየር ውስጥ። መሐንዲሶች ለዚህ መቀመጫውን በትንሹ አዘንብለው ይተክሉታል ወይም ሦስተኛ መዞሪያ ይጨምራሉ። የሳተላይቷ ምልክት በጣም ጠንክሮ የሚደርሰው በአናት ስታልፍ መሆኑ ነው ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው።

ወደ መንገድ እንመለስ። የቆመ የኤሌክትሪክ መኪናን በገመድ ጎትቶ መውሰድ ለምን እንደሚከለከል ያውቁ ኖሯል? ጎማው ሲዞር ሞተሩ አብሮ ይዞራል፤ ማግኔቱም ማንም ሳያዘው ከረንት ያመነጫል። መቆጣጠሪያው ጠፍቶ የማቀዝቀዣው ውኃ በማይዞርበት ሰዓት ይህ ከረንት ኢንቨርተሩን፣ የባትሪውን ቀጥታ ኤሌክትሪክ ለሞተሩ ወደ ተለዋጭ የሚለውጠውን ክፍል፣ ሊያቃጥል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። በገመድ ተሳስቦ መሄድ በአዲስ አበባ የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ ለዚህ መኪና ግን የሚነዱት ጎማዎች መሬት ሳይነኩ በጭነት መኪና ላይ መውጣት አለባቸው።

በከፍተኛ ፍጥነት ላይ መቆጣጠሪያው ቢበላሽስ? በፈጣን ዙር የሚመነጨው ቮልቴጅ ከባትሪው ሊበልጥ ስለሚችል፣ ዝም ብሎ ሞተሩን መልቀቅ መኪናውን በድንገት ሊያስፈርነው ይችላል። ስለዚህ መሐንዲሶች ሦስቱን ሽቦዎች ሆን ብለው እንዲገናኙ ያደርጋሉ፤ በፈጣን ዙር ያ ፍሬን ለስላሳ ነው፣ ከላይ እንዳየነው።

ቀበና ዳገት ላይ መንገድ ተዘግቶ ሲቆሙ፣ ፍሬን ሳይዙ በነዳጅ መስጫው ብቻ መኪናውን አቁመው መያዝ የሚወዱ ሾፌሮች አሉ። ሞተሩ አይዞርም፤ ከረንቱ ከሦስቱ ጥቅልሎች በአንዱ ላይ ተከማችቶ ይቆያል፤ ሲዞር ከሚሸከመው እጥፍ ሙቀት ያ አንዱ ጥቅልል ብቻውን ይሸከማል፤ የኢንቨርተሩ ክፍልም እንዲሁ። ብዙ መኪኖች ራሳቸውን ለማዳን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኃይሉን ይቀንሳሉ፣ መኪናውም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በዳገት ላይ ለመቆም የእግር ወይም የእጅ ፍሬን ነው።

ክረምት ሲገባ ደግሞ አብዛኛውን ፍሬን ሞተሩ ስለሚሠራው የፊትና የኋላ ዲስኮቹ ሳይታሹ ዝናብ እየጠጡ ይዝጋሉ። በሳምንት ከአንድ ጊዜ ባላነሰ፣ ከኋላ መኪና በሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ ጠንከር አድርጎ በእግር ፍሬን መያዝ ዝገቱን ያጥባል።